ስምዋን ከመርከብ የተቀበለች ባለቅኔ

ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ታላላቅ ነገሥታትና ስለ ጦር መሪዎች ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን የጥንቱን የአሜሪካ ግጥም ስናጠና ያገኘናት አንዲት ሴት ከልባችን አልወጣ ስላለች፥ የእርስዋን ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ ወሰንን። ይህች ሴት ፊሊስ ዊትሊ ትባላለች። ሠራዊት አልመራችም፤ ሀብት አላከማቸችም፤ መቃብርዋ እንኳ ምልክት አልተደረገበትም። የነበራት ብዕር ብቻ ነው፤ እርሱንም ያገኘችው በባርነት ቤት ውስጥ ነው።

ፊሊስ በምዕራብ አፍሪካ፥ ምናልባትም በሴኔጋልና በጋምቢያ አካባቢ፥ በ1753 ዓ.ም. ገደማ ተወለደች። በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ገና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ባሪያ ፈንጋዮች ከወላጆችዋ ነጥቀው በመርከብ አሻገርዋት፤ በ1761 ዓ.ም. ጁላይ 11 ቀንም ቦስተን ከተማ ደረሰች። ዕድሜዋ የተገመተው የፊት ጥርሶችዋ መውለቃቸውን በማየት ነው። ጆን ዊትሊ የተባለ ልብስ ሰፊና ነጋዴ ለሚስቱ ለሱዛና አገልጋይ ትሆን ዘንድ ገዛት። ያመጣቻት መርከብ ፊሊስ ትባል ስለ ነበር የመርከቢቱን ስም አወጡላት፤ ሁለተኛው ስምዋም የጌታዋ ስም ነው። እናትና አባትዋ ያወጡላት ስም ግን ጠፍቶ ቀረ። ይህን በክፍላችን ባነበብን ጊዜ ጥቂት ዝም አልን፤ ለልጅ ስም የሚያወጣው ወላጅ ነው እንጂ መርከብ አይደለምና።

የዊትሊ ቤተ ሰብ ሜሪና ናትናኤል የሚባሉ መንታ ልጆች ነበሩት። በዚያን ጊዜ ዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ይኸውም ዛሬ እኛ ያለንበት ዕድሜ ነው። ሜሪ ትንሺቱን ልጅ ማንበብ ታስተምራት ጀመር። ጌታዋ በ1772 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ እንደ መሰከረው፥ ፊሊስ ስትመጣ እንግሊዝኛ ከቶ የማታውቅ ስትሆን በዐሥራ ስድስት ወር ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱስ እጅግ የሚከብዱትን ክፍሎች እንኳ ለማንበብ በቃች። ከዚያም በኋላ የላቲን ቋንቋ ተማረች፤ የሆሜርንም ግጥም እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ፖፕ በተረጐመው አነበበች። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን፤ በዚያው ዘመን በደቡብ ካሮላይና በ1740 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ባሪያን ጽሕፈት ማስተማርን ይከለክል ነበር። በማሳቹሴትስ እንዲህ ያለ ክልከላ ባይኖርም፥ ለባሪያ ልጅ ወረቀትና ቀለም የሚሰጥ ቤት ብዙ አልነበረም።

በ1767 ዓ.ም. ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ገደማ ሲሆን፥ በኬምብሪጅ ማሳቹሴትስ ለሚገኘው፥ ዛሬ ሃርቫርድ ተብሎ ለሚታወቀው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ግጥም ጻፈች። እርስዋ ጥቁር ስለ ሆነችም ሴት ስለ ሆነችም ያን በር ልታልፍ አትችልም ነበር። እንዲህም ሆኖ ተማሪዎቹን እንደ ታላቅ እኅት ትመክራቸዋለች፤ የሰማይን ከዋክብት ለመመርመር የተሰጣቸውን ጊዜ በከንቱ እንዳያሳልፉ፥ ክፉውንም ነገር እንደ እባብ ሳይፈለፈል እንዲያጠፉት ታሳስባቸዋለች። በዚህ ግጥም ውስጥ ራስዋን ኢትዮጵያዊት ብላ ጠርታለች። እርግጥ የአገራችን ተወላጅ አይደለችም፤ በግሪክና በላቲን መጻሕፍት ልማድ የተማሩ ሰዎች ጥቁር የሆነውን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉ ነበር። ነገር ግን ስምዋን ያጣች ልጅ ለራስዋ የምትጠራበትን ስም ስትፈልግ ይህን በክብር ማንሣትዋ ልባችንን ነክቶታል።

አሁን ስለ ግጥምዋ አሠራር ጥቂት እንናገር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ የከበረው የግጥም ዐይነት ሁለት ሁለት ስንኝ እየሆነ ቤት የሚመታው ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ዐሥር ቀለም አለው። በእንግሊዝኛ ቀለሞች ሁሉ በእኩል ኀይል አይነገሩም፤ አንዱ በለስላሳ፥ ቀጥሎ ያለው በብርቱ ይነገራል። እንዲህ አምስት ጊዜ ሲደጋገም እንደ ልብ ትርታ ያለ ምት ይሰጣል። በስንኙም መካከል፥ ብዙውን ጊዜ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ቀለም ባለው ስፍራ፥ አንባቢው ትንፋሽ የሚወስድበት ዕረፍት አለ። የእኛ ወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ መካከሉ ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ የእኛ ዕረፍት ቦታው የተወሰነ ሲሆን የእነርሱ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ነው።

ቤት መምታቱም ከእኛ ጥቂት ይለያል። በአማርኛ የመጨረሻው ፊደል ከነድምፁ ሲገጥም ይበቃናል፤ ለምሳሌ በላ ከጥላ ጋር ቤት ይመታል። በእንግሊዝኛ ግን ብርሃን ማለት ላይት፥ ሌሊት ከሚባለው ናይት ጋር ሲገጥም የመጀመሪያው ድምፅ ይለያይና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ይሆናል። ፊሊስ በዚህ ሕግ እጅግ ጥንቁቅ ነበረች። ሁለቱ ስንኞች ሲዘጉ ሐሳቡም አብሮ ይዘጋል፤ እንደ በርና እንደ መቀርቀሪያው ማለት ነው። ቀለሙ ከዐሥር እንዳይበልጥባትም አንዳንዱን ቃል ታሳጥራለች። ሰማይ ማለት ሄቨን በአነጋገር ሁለት ቀለም ነው፤ እርስዋ መካከለኛውን አናባቢ አጥፍታ በአንድ ቀለም እንዲነበብ ታደርገዋለች፤ በገጹም ላይ በተጣለው ፊደል ስፍራ ትንሽ ጭረት ይታያል። ይህ ስሕተት ሳይሆን የዘመኑ ባለቅኔዎች ሁሉ የሚሠሩበት ደንብ ነው። ከላይ ያነሣነው ለተማሪዎች የጻፈችው ግጥም ግን ዐሥር ቀለሙን ጠብቆ ቤት የማይመታ ነው፤ ይህም ሚልተን ታላቅ ሥራውን የጻፈበት ዐይነት ነው። እንግዲህ በዐሥራ አራት ዓመትዋ ሁለቱንም መንገድ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ድምፅን ከነገሩ ጋር ማስማማት ትችል ነበር። ስለ ምሽት በጻፈችው መዝሙር የጅረቱን ፍሰትና የነፋሱን ሽውታ ስታነሣ እንደ ሰ እና እንደ ዘ ያሉት ለስላሳ ድምፆች ይበዛሉ፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ምሽቱ ሲወርድ የሚሰማ ይመስለዋል። ሌላው ዘዴዋ የማይናገረውን ነገር እንደ ሰው ማናገር ነው። ማሰብን እንደ ንግሥት፥ ሞትን እንደ ጨካኝ ገዢ አድርጋ በስም እየጠራች ታነጋግራቸዋለች።

ከግጥሞችዋ ብዙዎቹ የሙሾ ግጥሞች ናቸው። በቦስተን ልጁ የሞተበት አባት ወይም ባልዋ የሞተባት ሴት ስትኖር ፊሊስ የማጽናኛ ግጥም ትጽፍላቸው ነበር። በአገራችን አልቃሽ የሟቹን ደግነት እያነሣች ለቀስተኛውን ታስለቅሳለች፤ የፊሊስ ሙሾ ግን በተቃራኒው እንባ የሚያብስ ነው። ሟቹን በሰማይ ደስታ ላይ ሆኖ ታሳይና ቤተ ዘመዱን እንዳያዝን ትለምናለች። በ1770 ዓ.ም. ጆርጅ ዋይትፊልድ የተባለው ዝነኛ ሰባኪ በማሳቹሴትስ ሲሞት የጻፈችው ሙሾ በቦስተን ታትሞ ተሸጠ፤ ወደ ለንደንም ተሻግሮ ታተመ። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ዐሥራ ሰባት ገደማ ነበር። ከእናትዋ ተነጥቃ የመጣች ልጅ ልጆቻቸው የሞቱባቸውን እናቶች ስታጽናና፥ እርስዋን ያጽናናት ማን ነበር ብለን ጠይቀናል።

በ1772 ዓ.ም. ግጥሞችዋን በመጽሐፍ ለማሳተም በቦስተን ማስታወቂያ ቢወጣም በቂ ገዢ አልተገኘም። አፍሪካዊት ባሪያ እንዲህ ያለ ግጥም ልትጽፍ አትችልም የሚሉ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ዐሥራ ስምንት የቦስተን ታላላቅ ሰዎች ግጥሞቹ በእርግጥ የእርስዋ መሆናቸውን በፊርማቸው መሰከሩላት። ከእነርሱም መካከል አገረ ገዢው ቶማስ ሃቺንሰንና በኋላ በአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ላይ የፈረመው ጆን ሃንኮክ ይገኙበታል። ሌላ ገጣሚ መጽሐፉን ሲያሳትም የሚጠየቀው ግጥሙ ያማረ መሆኑን ነው፤ እርስዋ የተጠየቀችው ግን ማሰብ የምትችል ፍጥረት መሆንዋን ነው። የዚህን ነገር ክብደት አንባቢ ራሱ ይመዝነው።

በ1773 ዓ.ም. በሜይ ወር ከጌታዋ ልጅ ከናትናኤል ጋር ወደ ለንደን ተሻገረች። በዚያም በክብር ተቀበልዋት። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሊጠይቃት መጣ፤ ሎርድ ዳርትማውዝ የፖፕን ሥራዎች ትገዛበት ዘንድ አምስት ጊኒ ሰጣት፤ ብሩክ ዋትሰን የተባለው ነጋዴ የሚልተንን ታላቅ መጽሐፍ አበረከተላት። ግራንቪል ሻርፕም የከተማውን የድሮ ግንብ አስጐበኛት። ይህ ሰው በ1772 ዓ.ም. ጄምስ ሶመርሴት የተባለውን ባሪያ የረዳ ነው፤ በዚያም ክርክር የእንግሊዝ ዳኛ ባሪያን በግድ ከአገር ማስወጣት እንደማይቻል ፈርዶ ነበር። ፊሊስ ግን እመቤትዋ ሱዛና መታመምዋን ሰምታ መጽሐፍዋ ከመውጣቱ በፊት ወደ ቦስተን ተመለሰች። መጽሐፉ በሴፕቴምበር ወር በለንደን ወጣ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ፥ ብዕር ይዛ፥ እጅዋን በአገጭዋ አስደግፋ ስታስብ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ በሥዕሉም ዙሪያ የጆን ዊትሊ ጥቁር አገልጋይ መሆንዋ ተጽፎአል። እነሆ በአንድ ገጽ ላይ ብዕሩም ሰንሰለቱም አብረው ታተሙ።

በዚያው ዓመት እስከ ኦክቶበር 18 ቀን ድረስ ነጻ ወጥታ ነበር። ለወዳጅዋ በጻፈችው ደብዳቤ እንደምትገልጸው፥ ጌታዋ ነጻ ያወጣት በእንግሊዝ አገር ያሉ ወዳጆችዋ ፈቃድ ነው። እንግዲህ ከባርነት ለመውጣት መጽሐፉ ረድቶአታል ማለት እንችላለን። በ1774 ዓ.ም. ደግሞ ሳምሶን ኦከም ለተባለው የሕንዶች ወገን ለሆነ ሰባኪ ደብዳቤ ጻፈች፤ ደብዳቤውም በጋዜጦች ታተመ። ነጻነትን መውደድ እግዚአብሔር በሰው ልብ ሁሉ ያኖረው መሆኑን ትናገርና፥ ስለ ነጻነት እየጮኹ ሌላውን የሚገዙ ሰዎች ቃላቸውና ሥራቸው እንደማይስማማ በረጋ አነጋገር ታሳያለች።

ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ በ1775 ዓ.ም. ለጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን ግጥም ላከችለት። በዚህ ግጥም አሜሪካን ኮሎምቢያ የምትባል እመቤት አድርጋ ሥላታለች፤ ይህ አሳሳል በኋላ በአሜሪካኖች ዘንድ የታወቀ ሆነ። ዋሽንግተን በ1776 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር አመስግኖ መለሰላት፤ ወደ ሠፈሩ ብትመጣም ደስ እንደሚለው ጻፈላት። ዋሽንግተን ራሱ የብዙ ባሮች ጌታ እንደ ነበረ ስናስታውስ ነገሩ ይገርማል።

የሕይወትዋ ፍጻሜ ግን የሚያሳዝን ነው። እመቤትዋ በ1774 ዓ.ም.፥ ጌታዋና አስተማሪዋ ሜሪ በ1778 ዓ.ም. ሞቱ። በዚያው ዓመት ጆን ፒተርስ የተባለ ነጻ ጥቁር ሰው አገባች። በ1779 ዓ.ም. ሠላሳ ሦስት ግጥሞችና ዐሥራ ሦስት ደብዳቤዎች ያሉበት ሁለተኛ መጽሐፍ ለማውጣት ማስታወቂያ አወጣች፤ ነገር ግን በጦርነቱ ጊዜ ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ነበርና የሚገዛ ጠፋ። መጽሐፉ አልታተመም፤ የእጅ ጽሑፉም ጠፋ። ባልዋ በዕዳ ተይዞ እርስዋም በድህነት ስትኖር በ1784 ዓ.ም. ዲሴምበር 5 ቀን በሠላሳ አንድ ዓመትዋ ገደማ ቦስተን ውስጥ ሞተች። የመጀመሪያው መጽሐፍዋ በአሜሪካ ምድር የታተመው ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ በፊላደልፊያ ነው።

ከሞተች በኋላም ክርክሩ አላለቀም። ቶማስ ጄፈርሰን ስለ ቨርጂኒያ በጻፈው መጽሐፍ ባለቅኔ ልትባል እንደማይገባ ጽፎ አቃለላት። ሌሎች ደግሞ የፖፕ አስመሳይ ናት አሉ። በኋለኛው ዘመን ከራስዋ ወገን የሆኑ አንባብያን እንኳ በባርነት ላይ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም ብለው ወቀስዋት። በክፍላችንም ይኸው ክርክር ተነሥቶ ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን በጌቶችዋ ቋንቋና በጌቶችዋ የግጥም ልክ የጻፈች ሰው የራስዋ ድምፅ የላትም አልን። እኛም ትምህርታችንን በባዕድ ቋንቋ የምንማር ስለሆንን፥ ክርክሩ ስለ እርስዋ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችንም ነበር።

ሐሳባችንን ያስታረቀው ከአፍሪካ ስለ መምጣትዋ የጻፈችው ግጥም ነው። ስምንት ስንኝ ብቻ ነው። ላይ ላዩን ለሚያነብ ሰው ወደ ክርስቲያን አገር በመምጣትዋ የምታመሰግን ይመስላል፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን ጥቁርን የሚንቁትን ክርስቲያኖች የምትገሥጽ ሆና ትገኛለች። ከሊቃውንትም አንዳንዶቹ በውስጡ ሲሰሙ ሁለት ትርጕም የሚሰጡ ቃላት እንዳሉ ይናገራሉ። አንዱ ቃል በድምፁ ሞትንም የጨርቅ ማቅለሚያንም ያሰማል፤ ሌላው የቃየልን ስም ከሸንኮራ አገዳ ጋር ያሰማል። ማቅለሚያውና ሸንኮራው ደግሞ ባሮች ደማቸውን ያፈሰሱባቸው እርሻዎች ፍሬዎች ነበሩ። የእኛ ሊቃውንት ኅብር የሚሉት ይህን አይደለምን? ጮኾ መናገር የማይችል ሰው ወርቁን በሰሙ ውስጥ ያኖረዋል። ለዳርትማውዝ በጻፈችው ግጥም ግን ሰሙንም ትታ ነጻነትን የምትወደው ከአባትዋ እቅፍ ተነጥቃ ስለ መጣች መሆኑን በግልጥ ነግራዋለች። እንግዲህ ቋንቋው የሌላ ቢሆንም ኀዘኑና ሐሳቡ የራስዋ ነው፤ ልኩንም የተማረችው በእርሱ ውስጥ የራስዋን ነገር ለማስገባት ነው።

ዛሬ በቦስተን ከተማ በ2003 ዓ.ም. የቆመ ሐውልት አላት፤ ያን ጊዜ ፊርማ የጠየቀቻት ከተማ አሁን እንግዶችን ወደ እርስዋ ትወስዳለች። በለንደን የተበረከተላት የሚልተን መጽሐፍም ከእጅዋ ከወጣ በኋላ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በክብር ተቀምጦአል። ባለቤቲቱ ልታልፈው ያልተፈቀደላትን በር መጽሐፍዋ አለፈው።

እኛ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ተሰናብተን እንወጣለን። በኋላችን የምትቀሩ ታናናሾቻችን ሆይ፥ ፊሊስ በዐሥራ አራት ዓመትዋ ለእነዚያ ተማሪዎች የላከችው ምክር ለእኛም የተላከ መስሎ ተሰምቶናል። እርስዋ በተሰረቀ ዕድሜ ይህን ያህል ከሠራች፥ መጽሐፉና መምህሩ፥ ወላጆቹ ያወጡለትም ስም በእጁ ያለ ተማሪ ምን ምክንያት ሊያቀርብ ነው?